መልስ፦ ፕሮዲዩሰር ከሌለኝ ኮምቦልቻ ሆኜ ፊልም መሥራት እችላለሁ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የፊልም ዳይሬክተሩ የኃይሌ ገሪማ ሕይወት ነው ትዝ ያለኝ። በ1946 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተወለደ። አባቱ በየገጠሩ እየዞሩ ቲያትር የሚያሳዩ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። እሱም አሜሪካ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ ከዚያ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። አየህ፣ እንጀራው ማስተማር ነበር። ለዚህ ነው ማንም «ታሪክህን ቀይር» ሲለው እሺ ያላለው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን አገር ቤት መጥቶ በጥቁርና ነጭ ቀረጸ። ተዋናዮቹ ባለሙያ አልነበሩም። ይህን ልብ በልልኝ! አንተም የገበያ ነጋዴዎችን ፊትና የወሎን አነጋገር ደጅህ ላይ አግኝተሃል።

የሚገርመኝ ግን በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልሙ «ሳንኮፋ» ነው። የፊልም አከፋፋዮች አንፈልግም አሉት። ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ ደግሞ ለዓመታት ገንዘብ ሲፈለግለት ቆይቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ።

ስለዚህ ሥራህን አትልቀቅ። ቅዳሜና እሁድ ቅረጽ። አሥር ደቂቃ የምትሆን አጭር ፊልም ይበቃሃል። ለድምፁ ተጠንቀቅ፤ ንፋስ የማይክን ድምፅ ያበላሻል፣ ምስል ደብዘዝ ቢል ሰው ይታገሳል፣ ድምፅ ካልተሰማ ግን ጥሎ ይወጣል። ስትጨርስ አዳራሽ ተከራይና ለሰፈርህ ሰው አሳይ። ደሴ ካሳየኸው እኔም እመጣለሁ፣ ወንበር በመደርደርም አግዝሃለሁ።