ዋናው ሰውዬ ችሎት አይቀርብም

ሕግ ተመርቃችሁ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን የምታስቡ፣ በተለይ የተደራጁና ከባድ ወንጀሎች ላይ ለመመደብ የምትመኙ ልጆች ስታገኙኝ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ «ጋሼ፣ አያስፈራም?» ብላችሁ ነው። ያስፈራል። ዛቻ የደረሰባቸው ባልደረቦች ነበሩኝ። ነገር ግን በዛቻ የተዘጋ መዝገብ ብዙም አላስታውስም። ምስክር በመጥፋቱ የወደቀ መዝገብ ግን ተቆጥሮ አያልቅም፤ ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስለ ምስክር ነው።

በሰው የመነገድን ወንጀል እንውሰድ፤ ብዙውን የሥራ ዘመኔን የበላው እሱ ነው። ልጁን የሚያግባባው ደላላ የሰፈሩ ሰው ነው። እስከ መተማ የሚያደርሰው ሌላ፣ ሱዳን ላይ የሚረከበው ሌላ፣ ሊቢያ መጋዘን ውስጥ አስሮ እየገረፈ እናቱ ጋ የሚያስደውለው ደግሞ ሌላ ነው። ገንዘቡ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ዘመድ ስም የተከፈተ ሂሳብ ላይ ይገባል። እርስ በርስ የሚጠራሩት በቅጽል ስም ነው። ፖሊስ ይዞ የሚያመጣላችሁ ያንን የሰፈሩን ደላላ ነው፤ አንዳንዴም ራሱ ለመሄድ ሞክሮ ከመንገድ የተመለሰ ምስኪን ሆኖ ታገኙታላችሁ። እሱን አስፈርዳችሁ መዝገቡን ብትዘጉ ለሩብ ዓመት ሪፖርት ያምራል። በሳምንቱ ግን በእሱ ቦታ ሌላ ይተካል።

ሕጉ መሣሪያ አላጣም። በሰው መነገድን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂው «ፈቅጄ ነው የሄድኩት» ማለቱን መከላከያ አያደርገውም። የወንጀል ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብም ለብቻው ያስከስሳል። ይሁንና አዋጁን በቃል መያዝ ከታች ያለውን ልጅ ከላይ ካለው ሰውዬ ጋር አያገናኝላችሁም። የሚያገናኘው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ያለው ደግሞ በተጎጂው ቤተሰብ እጅ ነው።

አንድ ጊዜ ከገጠር የመጡ አባት ነበሩ። በምርመራ ቃላቸው ላይ «ገንዘብ ከፍያለሁ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል። እኔ ጋ ሲቀርቡ «አባቴ፣ በምን ላኩት?» አልኳቸው። ከጋቢያቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ ውስጡ የተጠቀለሉ የባንክ ገቢ ደረሰኞች። ማንበብ አይችሉም፤ ሆኖም ይኼ በሬው የተሸጠበት፣ ይኼ መሬቱ በኮንትራት የተሰጠበት፣ ይኼ ከዕድር የተበደርኩት እያሉ አንድ በአንድ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ። የአንዳንዱ ቀለም ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ ያኔውኑ ኮፒ አስደረግን። የሂሳብ ቁጥሩን ስናስተያይ ሌላ ወረዳ ከጠፋ ልጅ መዝገብ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የባንክ መግለጫው መጣ፣ ቀጥሎ ብሩን ያወጣው ሰው ማንነት፣ ቀጥሎ ስልኩና የጥሪ ዝርዝሩ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው፤ ጥያቄውን ለመጠየቅ ደግሞ ሽማግሌውን አስቀምጦ ማነጋገር ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ፖሊስ ሰው ይዞ ሲመጣ አትቸኩሉ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ ለምርመራ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ሊፈቅድ ይችላል፤ እኛም አገር ይህ ደጋግሞ የሚመዘዝ ልማድ ሆኗል። አስሮ ማስረጃ መፈለግ እኔ በጭራሽ አልወደውም። ተጠርጣሪው ሲታሰር ከላይ ያሉት ስልካቸውን ይቀይራሉ፣ ሂሳቡን ባዶ ያደርጋሉ፤ እናንተ ዳኛ ፊት ቆማችሁ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ትላላችሁ። ማስረጃው ካልሞላ ደግሞ ያው ሕግ በአንቀጽ 42 ክስ እንዳታቀርቡ ያዛችኋል። አለቃ ቢጫንም፣ ጋዜጠኛ ቢደውልም ያዛችኋል። (ካሜራ ፊት ቆሞ ተጠርጣሪን «ወንጀለኛው» የሚል ዐቃቤ ሕግም ያናድደኛል፤ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተረስቶት ነው።)

አሁን ወደ ምስክሩ ልመለስ። ሥራ በጀመራችሁ ሳምንት ልደታ ፍርድ ቤት ሂዱና ችሎት ውስጥ ሳትገቡ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ በሉ። የዐቃቤ ሕግ ምስክር የሆነች ልጅና የተከሳሽ ዘመዶች አንድ አግዳሚ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ማንም ቃል አይተነፍስም፤ አንዱ ብቻ ምስክሯን ከእግር እስከ ራሷ ያያታል። ሰዓቱ ደርሶ ስትገባ ያቺ ልጅ ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል «አላስታውስም» ብትል ልትቆጧት አትችሉም። በዋዜማው ቤቷ ሽማግሌ ተልኮ ይሆናል፤ «ወንድምሽ ሞቷል፣ አይመለስም፤ ገንዘባችሁ ይመለስላችሁና በእርቅ ይለቅ» ብለዋታል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እርቅ የለመዱ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ክስ በእርቅ እንደማይቋረጥ ቀድማችሁ ለቤተሰቡ ያስረዳችሁ እንደሆነ ግን «እኛ እጅ ላይ አይደለም» ብለው የሚመልሱት ነገር ያገኛሉ።

የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለላችሁ፤ ማንነትን እስከ መሰወርና መኖሪያ እስከ መቀየር ይሄዳል። ጥያቄውን ክስ ከመሠረታችሁ በኋላ ሳይሆን ቃል ስትቀበሉ አንሱት። ምስክሩ ወደ ውጭ የመሄድ ወይም የመጥፋት አዝማሚያ ካለው ቀዳሚ ምርመራ አስደርጉ፤ ማለትም ቃሉን ከዋናው ክርክር በፊት ፍርድ ቤት ይቀበለው፤ ፍርድ ቤት የተቀበለው ቃል ምስክሩ ባይገኝም በኋላ ሊነበብ ይችላል። መጥሪያ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የትራንስፖርቱንና የአዳሩን ነገር ጨርሱ። ሦስት ጊዜ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ የተለወጠበት ሰው አራተኛ አይመጣም፤ እኔም ብሆን አልመጣም።

ኪዳኔ ዘካርያስን ታውቁታላችሁ፤ ሊቢያ ውስጥ ስደተኞችን በማገትና በማሠቃየት ስሙ የገነነው። በ2012 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው ከሰለባዎቹ አንዱ መንገድ ላይ አይቶ ስላወቀው ነው። በ2013 ጉዳዩ በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ እንደገና ተያዘ። በየአገሩ ፖሊስ ሲፈልገው የነበረን ሰው የጠቆመው ያ ሰለባ ነበር። ሰውዬው ሲያመልጥ ያ ጠቋሚ እንዴት አድሮ ይሆን? የሥራችሁ ግማሽ ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ደመወዙን የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ትንሽ ነው። የምትፈተኑት ግን በፖስታ በሚመጣ ብር ብቻ አይምሰላችሁ፤ በአጎታችሁ ልጅ ሠርግ ላይ ከጎናችሁ የሚቀመጥ ጨዋ ሰው ይመጣል። ስለ መዝገቡ አንዲት ቃል አያነሳም፤ በሳምንቱ ደውሎ ደህንነታችሁን ብቻ ይጠይቃል። በማግስቱ ለቅርብ ኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ብታፍሩም አሳውቁ።

ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ መዝገብ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ለምስክሮቹ ደውሉ። ስንት ዓመት እንደተፈረደበት፣ ይግባኝ ተብሎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ያስፈራራቸው ሰው ካለ ለማን እንደሚያመለክቱ ንገሯቸው። ይህን የሚያዝ መመሪያ ኖረም አልኖረም ከተቻለ በዚያው ቀን ይደረግ፤ የተከሳሹ ዘመዶች ዜናውን በራሳቸው መንገድ ሰፈር ሳያደርሱት።