ምጽዋት ከእጅ ሲወጣ አለቀ ወይ? ከጎርፍ በኋላ ጎረቤትን ስለ መርዳት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ብዙም የማይርቅ አጥቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። የርብ ወንዝ ሞልቶ በሜዳው ያሉ ጎረቤቶቻችንን ቤትና ሩዝ ደለል አለበሰባቸው። በፍልሰታ ልብስና ዳቦ ሰብስበን ሰጠናቸው። ሰሞኑን ግን ከልብሱ ብዙው ጭቃ ላይ ተጥሎ አየን። ምእመናኑ ተቆጡ፤ «እኛ ለእግዚአብሔር ብለን ሰጥተናል፣ ዋጋችንን አናጣም» አሉ። ከሰበካ ጉባኤውም «ድርሻችንን ተወጥተናል፣ ከእንግዲህ ገንዘቡ ለሕንጻው ነው» የሚሉ አሉ። ከተጎዱት መካከል ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉበት። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ስለ ጾሙና ስለ ምጽዋቱ ሥርዓት የምታውቂውን አልደግምልሽም። «ዋጋችንን አናጣም» የሚለው አባባል ላይ ግን ልቆይ። ድርቅ በገባ፣ እሳት በተነሣ፣ ጎርፍ በደረሰ ቁጥር የሚገጥመኝ ነው። ከቅን ልብ ቢወጣም ስሕተት ነው።

ስሕተቱ ምጽዋትን የሰጪውና የእግዚአብሔር ጉዳይ ብቻ ማድረጉ ነው። ተቸጋሪው የእኛ ጽድቅ ማለፊያ ድልድይ ሆኖ ይቀራል። ቅዱስ ያዕቆብ ግን «ለሰውነት ግን የሚያስፈልጉትን ባትሰጡአቸው ምን ይጠቅማቸዋል?» ብሎ የጠየቀው ስለ ተቀባዩ ጥቅም ነው (ያዕ. 2፥16)። ስለዚህ ልብሱ ለምን ተጣለ ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ያልታጠበ፣ ዚፑ የተነቀለ፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ የተቀላቀለበት ልብስ በማዳበሪያ ታጭቆ በክረምት ሲጓዝ ይሻግታል። ቤቷ በጭቃ የተሞላ እናት ደግሞ ማጠቢያ ንጹሕ ውሃም፣ ሳሙናም፣ ማስጫ ደረቅ ቦታም የላትም። ሌላ ምን ታድርገው? እግዚአብሔር በነቢዩ ሚልክያስ አንካሳና ዕውር እንስሳ ለመሥዋዕት ያመጡትን፣ ያንን ለአለቃህ ብትሰጠው ደስ ይለዋልን ብሎ ገሥጿቸዋል (ሚል. 1፥8)። ለራሳችን የማንለብሰውን ለጎረቤት ስንሰጥ ተግሣጹ እኛንም ይነካል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልብስ ይልቅ የሚያስፈልገው ሳሙና፣ ብርድ ልብስና ጀሪካን ነው። ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላ፣ 200 ግራም የልብስ ሳሙና ቢታሰብ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ከ2 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ጀሪካኑ ለአንድ ቤት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለመቅጃ፣ አንዱ የታከመ ውሃ ለማስቀመጫ። የውሃ ማከሚያ ስትሰጡ አጠቃቀሙን አሳዩ። ድፍርስ ውሃ ላይ የተጨመረ መድኃኒት ኃይሉ በጭቃው ላይ ስለሚያልቅ ተሕዋሲያኑን አይገድልም። ውሃው መጀመሪያ ይጥለል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጣራ፣ ከዚያ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ይጨመርና ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ጎርፍ የገባበት ጉድጓድ ውሃ ደግሞ በጤና ባለሙያ ሳይታከም ማንም እንዳይጠጣው።

አሁን ወደ «ድርሻችንን ተወጥተናል» እንምጣ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲሰበክ ዘይቱና ወይኑ ይነገራል፣ ቁስሉ ሲታሰር ስብከቱ ያልቃል። ወንጌሉ ግን በዚያ አያበቃም። ሰውየው በማግሥቱ ሁለት ዲናር ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ከፈለ፤ ከዚህ በላይ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ ብሎም ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥35)። ሊመለስ ቀጠሮ ይዟል። እናንተስ መቼ ትመለሳላችሁ?

ይህን የምለው የጎርፍ ክፋቱ በኋላ ስለሚመጣ ነው። ውሃው በተኛበት ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ የወባ ትንኝ ይፈላል፤ በፎገራ ደግሞ ወባው የሚጠናው ከመስከረም ወዲህ ነው። የቤተ ሰቡ አጎበር በጎርፍ ከሄደ ለሁለት ሰው አንድ አጎበር ተቆጥሮ ይተካ፤ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋገሩ። ከብቶቹንም አትርሱ። ደለል በለበሰ ግጦሽ ላይ አባ ሰንጋ ሊነሣ ይችላልና የወረዳው የእንስሳት ሐኪም እንዲከትብ አስቀድማችሁ ጥሩ። በድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ ቆዳው አይገፈፍ፣ በጥልቅ ይቀበር።

ከሁሉ በላይ በሬው አይሸጥ። መኖ ያጣ ገበሬ በሬውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ዓመቱን ሙሉ የሌላ ሰው እጅ ያያል። ጎርፍ ያልነካቸው የደጋ አጥቢያዎች ገለባና ድርቆሽ ቢልኩ ከዳቦ የበለጠ ይረዳል። ገለባው ለምርግም ስለሚፈለግ ሁለቱን አስባችሁ ጠይቁ።

ዘሩም ቀን አለው። ሩዙ ከጠፋ ውሃው በሸሸበት በቀረው እርጥበት ሽምብራ ሊዘራ ይችላል፤ ለሩብ ሄክታር 30 ኪሎ ያህል ይበቃል። ውሃው ተንጠፍጥፎ ሳይወጣ የተዘራ ግን ሥሩ ይበሰብሳል፤ እጅግ የዘገየም እርጥበቱ ያመልጠዋል። ዘሩን ነሐሴ ላይ ገዝታችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ መስከረም ላይ ሁሉም ሲፈልገው ይወደዳል። ጓያ ብቻ አትስጡ። እሱን ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል።

ቤቱን በደቦ ስታነሡለት አትቸኩሉ። የረጠበ ግድግዳ ላይ ወዲያው ሲመረግ ውስጡ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ በዓመቱም ቤቱ ያዘማል። የውሃው ምልክት ከደረሰበት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላችሁ አሮጌውን ምርግ አንሡ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ይድረቅ። ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ላይ በቢላ ውጉ፤ ቢላው ከገባ ያ ቋሚ ይቀየር። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ ያለዚያ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። «በዓል ነው፣ አንሠራም» የሚል ቢነሣ፣ የጌታን ቃል አስታውሱት፦ በሬው በጉድጓድ ቢወድቅ በሰንበት የማያወጣው ማን ነው? (ሉቃ. 14፥5)። የራሳችሁን እርሻ ከማረስ የመበለት ቤት መምረግ ይለያል። ያም ሆኖ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ጠይቃችሁ፣ ቡራኬ ተቀብላችሁ ውጡ።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ ጎርፉ አልለየም፣ እናንተም አትለዩ። ግን አሰጣጡን አስቡበት። ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ማከፋፈል እነሱን ያሸማቅቃል፤ የቀበሌው ግቢ ወይም የዕድሩ ቦታ ይሻላል። ሥጋ ሳይሆን ዘይት፣ ሽሮና እህል ስጡ። ለእርዳታ የመጣን ሰው ይዞ መስበክ አይገባም። የስም ዝርዝሩን ስታወጡ የመስጊዱ ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጡ፣ ሴቶችም ይኑሩበት፤ ነፍሰ ጡሯንና አልጋ የያዘውን አረጋዊ ወረፋ ላይ አታገኟቸውም፣ ጓዳ ያለውን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። በጾም ቀንም ቢሆን ለሕፃናትና ለታመሙ ወተት አትከልክሉ።

በመጨረሻ ገንዘቡ። ለሕንጻ ተብሎ የተሳለውን ያለ ሰጪዎቹ ፈቃድ አታዛውሩ፤ የሰው ስእለት ነው። ግን ሰበካ ጉባኤው ሕንጻውን ለአንድ በጋ አቆይቶ ለጎረቤት አዲስ መዋጮ ማወጅ ይችላል፤ ሰጪዎቹን ሰብስቦ መጠየቅም ይችላል። ለዚህ የሚሰበሰበው የራሱ ደረሰኝና የራሱ መዝገብ ይኑረው፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። «ግራህ አትወቅ» የተባለው ለመታየት እንዳንሰጥ ነው እንጂ ሒሳብ እንዳይያዝ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ለድኾች የተሰበሰበውን ሲያደርስ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ለቀጣዩ ስብሰባ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ አስይዙ፦ ዘሩን ማን እንደሚገዛ፣ ገለባውን ከየትኛው አጥቢያ እንደምትጠይቁ፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ በየትኛው ቀን ወደ ሜዳው እንደምትወርዱ።