ጎርጎራ ላይ ለሚሠራ ጀልባ፦ ውሃው ወደ ሰልባትዮው የሚገባባቸው መንገዶች

ጤና ይስጥልኝ። ወንድማችን የጠየቁት ይህን ነው፤ ከጎንደር እየተመላለሱ ጎርጎራ ላይ ትንሽ የሞተር ጀልባ ያሠራሉ፤ ክረምት ከገባ ወዲህ ሞተሩ መሃል ጣና ሐይቅ ላይ እየቆመ አስቸግሯቸዋል፤ መካኒኩም «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ስላላቸው ውሃ ወደ ሰልባትዮው፣ ማለትም ወደ ነዳጅ መያዣው፣ እንዳይገባ ምን ቢያደርጉ እንደሚሻል ማወቅ ይፈልጋሉ። እኔም በዚያው ወደብ ጀልባ አለኝ፤ ሞተሩም ከኋላ የሚንጠለጠል ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። የእርስዎም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝምና እንደ ራሴ ጀልባ አድርጌ እመልሳለሁ። ውሃ ከቤንዚን እንደሚከብድና እንደ ጠላ አተላ ከሥር እንደሚተኛ ስለሚያውቁ፣ ማብራሪያውን እዘለዋለሁ።

በቅድሚያ «ሰልባትዮው ሌሊት ያልበዋል፤ ውሃው ከላቡ ነው» የሚሉዎትን አይስሟቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት እርጥበት የጠገበ 20 ሊትር አየር በውስጡ የሚይዘው ውሃ ግማሽ ግራም አይሞላም። ጀልባው ለወራት ሥራ ፈትቶ፣ ሰልባትዮው ግማሽ ጎኑ ባዶ ሆኖ ከተቀመጠ ጠብታው ይጠራቀማልና፣ ሥራ ሲያቆሙ ለመስፋፊያ ከ20 አንድ እጅ ያህል ብቻ ትቶ ሞልቶ መዝጋት ተገቢ ነው። በየቀኑ በሚሠራ ጀልባ ሰልባትዮ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ከተገኘ ግን፣ ያ ውሃ ወይ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ተገልብጧል፣ ወይ በክዳኑና በመተንፈሻው በኩል ገብቷል።

አንደኛ፣ መተንፈሻው። 24 ሊትር የምትይዘው ቀይ የፕላስቲክ ሰልባትዮ ክዳኗ ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ ሞተሩ ሲሠራ ትከፈታለች፤ ሲቆም ትዘጋለች። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ከፍተዋት ይሄዳሉ። ዝናቡ በሰልባትዮዋ ጀርባ ላይ ይቋጠራል፤ ቀን በፀሐይ የሞቀው ቤንዚንና አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ይጨማደድና የተቋጠረውን ውሃ በዚያች ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከክዳኑ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ከተሰነጠቀችም ውጤቱ ያው ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ትቀየር። ሰልባትዮዋ የምትነሣ ከሆነች ማታ ማታ ከጀልባው አውርደው መጠለያ ሥር ያሳድሯት፤ ቤንዚንም የሚሞሏት መሬት ላይ አውርደው እንጂ ጀልባው ውስጥ እያለች አይሁን፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ የጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃልና።

ሰልባትዮው ከጀልባው አካል ጋር የተሠራ ከሆነ ደግሞ የመተንፈሻው አፍ ወደ ታች የዞረ፣ ቱቦውም መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ከዚያ የሚወርድ መሆን አለበት። የእኔን ጀልባ አስቀድሞ የሠራው ሰው መተንፈሻውን ማዕበል በሚመታው ጎን፣ ያውም አፉን ወደ ፊት አዙሮ ሰክቶት ነበር። ብነግረው «ቀዳዳ ምን ጊዜም ቀዳዳ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በራሴ እጅ ነቅዬ ወደ ኋላ፣ ከጠርዙ ሥር ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ዛሬ የወደቡ ጀልበኞች አጎንብሰው እያዩ በራሳቸው ጀልባ ላይ ይደግሙታል።

ሁለተኛ፣ በርሜሉ። ብዙዎቻችን ነዳጁን በ200 ሊትር በርሜል አቁመን ደጅ እናስቀምጣለን። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል፤ በቀንና በሌሊት መካከል 20 ዲግሪ ልዩነት ካለ አንድ ሙሉ በርሜል ወደ 4 ሊትር ገደማ ይነፋል፣ ይኮማተራል ማለት ነው። የበርሜሉ አናት ዙሪያውን ከንፈር ስላለው ዝናብ ያቁራል፤ ታፖዎቹም፣ ማለትም የሚጠብቁት ክዳኖቹ፣ በዚያ ኩሬ ውስጥ ይሰምጣሉ። ቀን አየር ይወጣል፣ ሌሊት ውሃ ይገባል፤ ታፖው በቁልፍ የጠበቀ ቢሆን እንኳ ይገባል። መፍትሔው በርሜሉን በጎኑ አስተኝቶ ሁለቱም ታፖዎች ጎን ለጎን፣ ከቤንዚኑ ደረጃ በታች እንዲሆኑ ማድረግ ነው፤ ያኔ ክፍተት ካለ ቤንዚን ሲያንጠባጥብ ያዩታል እንጂ ውሃ ተደብቆ አይገባም። ማስተኛት ካልተቻለ ከሥሩ አንድ ጎን እንጨት አስገብተው ያዝምሙት፤ ውሃው ከታፖዎቹ ርቆ ይውረድ። በቆመ በርሜል ወለል ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሲለካ ግን 2.5 ሊትር ነው።

ሦስተኛ፣ የሚገዙበት ቦታ፤ እኔን ያከሰረኝ ይህ ነው። በጀሪካን ቤንዚን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጠየቅ ያውቃሉ። ሥርዓቱ ጥቁር ገበያን ለመከላከል የወጣ ስለሆነ አልቃወመውም፤ የማልረሳው በአንድ ቢሮ መስኮት የተሰጠኝን መልስ ነው። ሠራተኛው ማመልከቻዬን አንብቦ ሳይጨርስ «ሊብሬ» አለኝ። ጀልባ ሊብሬ የለውም አልሁት። «ሊብሬ የሌለው ተሽከርካሪ ነዳጅ አይቀዳም» አለ። ጎማ የሌለው ነገር እንዴት ተሽከርካሪ ይባላል ብዬ ብጠይቀው፣ «እንግዲያው ጀልባውን ይዘህ ማደያው ጋ ቅረብ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከጎርጎራ ጎንደር በቆላ ድባና በአዘዞ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል የየብስ መንገድ እንደሆነ ያልሰማ የጎንደር ሰው አለ ብዬ አላምንም ነበር። ከእኔ ኋላ የቆሙትን፣ ለገዳማቱ ስንቅ የሚያመላልሱትን ሽበታም አባት ሳይቀር «አንተ፣ ተራህን ጠብቅ» አላቸው። ደብዳቤ መከልከል አንድ ነገር ነው፤ አባትን «አንተ» ማለት ግን ከየትኛው መመሪያ እንደተገኘ ዛሬም አልገባኝም።

ደብዳቤው እስኪገኝ ሥራ አይቆምምና ቤንዚን ከመንገድ ዳር ነጋዴ ተገዛ። በጠርሙስ የሚሸጠው ቢያንስ ይታያል፤ ይህ ግን በማያሳይ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። መንገደኞች ጭነን ወደ ማንዳባ ገዳም ስንጓዝ፣ ገና ዳር ዳሩን እያለን ሞተሩ ደህና ይሠራ ነበር፤ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ጀልባውን ማናጥ ሲጀምር ግን አነቀውና ጠፋ። ይህን ምልክት ይያዙት፤ በእርጋታ የሚሠራ ሞተር ጉልበት ሲጨምሩለት ወይም ማዕበል ሲነሣ ከጠፋ፣ ከሥር የተኛው ውሃ ተናውጦ ወደ መሳቢያው ቱቦ ደርሷል ማለት ነው። ያዳነን በደንገል ታንኳ ይቀዝፍ የነበረ ሰው ነው፤ ገመድ ወርውሮልን በሞተር የሚሄደውን ጀልባ በታንኳ ሲጎትት የወደቡ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ።

ከዚያ ጎንደር ያለ አንድ መካኒክ ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀየረ፤ ኮይል ቀየረ፤ ካርቡሬተሩ መለወጥ አለበት ብሎ የእሱንም አስከፈለኝ። ሰልባትዮውን ግን አንድም ጊዜ ከፍቶ አላየውም። በስተመጨረሻ ራሴ ከሥሩ በቱቦ ስቤ በመስታወት ማሰሮ ቀዳሁት፤ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሆኖ ቁጭ አለ። ማሰሮውን ወስጄ መካኒኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁለት። ወደ ቢሮውም ሞተሩን ራሱን በባጃጅ ጭኜ ሄድሁና ከመስኮቱ ፊት ለፊት አወረድሁት፤ «ሊብሬው ይኸው» አልሁ። ሰው ሲሰበሰብ ኃላፊው ወጡ፤ አዳመጡኝ፤ ደብዳቤው በዚያው ቀን ተጻፈ። እርስዎ ከዚያ አታካች ደረጃ እንዳይደርሱ፣ የጀልባ ማኅበርዎን የምስክር ወረቀትና የሞተሩን መግዣ ደረሰኝ አስቀድመው አያይዘው ይሂዱ፤ በመስኮት ካልተቀበሉዎትም በቀጥታ ወደ ኃላፊው ይግቡ።

አራተኛውን ከዚሁ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ደብዳቤ ያለው ሰው ከማደያም ውሃ ሊገዛ ይችላልና። ቦቴ ነዳጅ እያራገፈ ባለበት ሰዓት አይቅዱ፤ ከመሬት በታች ባለው ጋን ሥር የተኛው ሁሉ የሚናወጠው ያን ጊዜ ነው። ከቀዱ በኋላ ጀሪካኑን ከፍ ባለ ቦታ ጥቂት አዝምመው ሳይነቃነቅ ያሳድሩት፤ በማግሥቱም በቀስታ ገልብጠው የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ያስቀሩ። ያችን በመስታወት ማሰሮ አጠራቅመው ይዩአት፤ ከተጠራጠሩ ጥቂት የምግብ ቀለም ጣል ያድርጉባት። የምግብ ቀለም በውሃ እንጂ በቤንዚን አይሟሟም፤ ከሥር ቀለም የያዘ ነገር ከታየ እሱ ውሃ ነው። ለበርሜል ደግሞ የማደያ ሰዎች በመለኪያው ዘንግ ጫፍ የሚቀቡት፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት አለና ከተገኘ ከዚያ የሚበልጥ የለም። በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ግን ቆሻሻ ያስቀራል እንጂ ውሃን አያግድም፤ ወደቡ ላይ ይህን የሚያምኑ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በሰልባትዮውና በሞተሩ መካከል ውሃ የሚለይ ባለ 10 ማይክሮን ፊልትሮ ያስገቡ። ከሥሩ ብርጭቆ መሳይ ማጠራቀሚያና ማፍሰሻ ያለው ይሁን፤ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ያዩታል። ሞተርዎ እንደኔው ውጭ የሚንጠለጠል ከሆነ ይህ አያሰጋም፤ በወለል ሥር የታፈነ የቤንዚን ሞተር ላይ ግን የሚያሳየው ፕላስቲክ እሳት አይችልምና የብረቱን ይምረጡ። ፊልትሮው የመጨረሻው ዘበኛ ስለሆነ ግማሽ ማሰሮ ውሃ ከላኩበት እሱም ይሞላል።

አንዳንድ ሰው «አረቄ ጨምርበት፣ ውሃውን ይጠጣዋል» ይላል። አልኮል ውሃን ከቤንዚን ጋር እንደሚያዋህድ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል በቤንዚን መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት 20 ሊትር ቤንዚንም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ሟሙቶ ሊሸከም ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ ወይም ሲቀዘቅዝ ግን ውሃውና አልኮሉ ተያይዘው ባንድ ጊዜ ወደ ሥር ይወርዳሉ። የቤት አረቄ ደግሞ ራሱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነውና ይልቁንስ ይጠጡት።

ከሥር የሚያወጡትን ውሃ ወደ ጣና አይድፉት፤ የዳርቻው ሰው የሚጠጣው ያንኑ ነው። ማሰሮው ውስጥ ሲጠል ከላይ ያለው ንጹሕ ቤንዚን ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ ይሆናል።

አሁን ቆሞ ያለው ሞተርዎ ባለ ሁለት ምት ከሆነ፣ ይህን መልስ ሲያነቡ ጊዜ አይስጡት። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ ውሃ የገባበት ቀን ዘይት አጥቷል፤ ኩሽኔታዎቹም (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከሙት) ዝገት ይጀምራቸዋል። የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን ፈትተው ያፍስሱ፤ ካንዴላዎቹን አውጥተው በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥቡና ገመዱን ደጋግመው ይሳቡ፤ ቱቦውንና በእጅ የምትጨመቀውን የጎማ ፖምፓም ሳይረሱ ባዶ ያድርጓቸው። ከዚያ ከማሰሮ ባዩት፣ በመጠኑ ዘይት በተቀላቀለ ንጹሕ ቤንዚን አስነሥተው ወደቡ አጠገብ ያሠሩት፤ ወደ ማንዳባም ሆነ ወደ ገሊላ ደሴት አይውጡበት፣ ፊልትሮው እስኪገባ ድረስ።