መስከረም ሊጠባ ሲል ንቦች ለምን ይራባሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደጋ ነው። ሦስት ባህላዊና አንድ ባለ ፍሬም ቀፎ አለኝ። ሰኔ ላይ ማሩን ቆረጥኩ። አሁን ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቀፎዎቹን ብነካካቸው ቀለሉብኝ። ደጃፋቸው ላይም የሞቱ ንቦች አያለሁ። አደይ አበባ እስኪፈካ ይቆዩልኛል ወይስ ልመግባቸው?»

መልስ፦ ይመግቧቸው ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ይጀምሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ነው ብሎ መዘናጋት ንብን ይጨርሳል። ማገጥና መጭ የሚባሉት የሜዳ አበቦች ማበብ ሲጀምሩ ሠራተኛ ንቦቹ ትንሽ ትንሽ የአበባ ዱቄት ያስገባሉ። ያኔ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣሉን ታበዛለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ምግብ ይበላል፣ ሙቀትም ይፈልጋል። ጎተራው ግን ባዶ ነው። በዚህ መሃል ዝናቡ ሦስት አራት ቀን ካላባራ ንቦቹ መውጣት አይችሉም። አበባው ደጅ ላይ እያለ በረሃብ ያልቃሉ፣ ወይም ቀፎውን ጥለው ይኮበልላሉ። ከክረምቱ ሁሉ እኔ በጣም የምፈራው እነዚህን የመጨረሻ ሳምንታት ነው።

አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ያሟሙና ያቀዝቅዙት። በዝርግ ሳህን አድርገው ቀፎው ውስጥ ያስገቡ። ንቦቹ እንዳይሰምጡ ጭራሮ ወይም ጭድ ጣል ያድርጉበት። ሲመሽ ብቻ ይስጡ። ደጅ ላይ አያስቀምጡ፣ ጠብታም አያፍስሱ፤ የሌላ ቀፎ ንብ ይመጣና ዘረፋና እልቂት ይሆናል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ለእጩ ደግሞ ስኳር ብቻውን አይበቃም። በሶ ወይም የሽሮ ዱቄት ይጨምሩላቸው። ሽሮው በርበሬም፣ ጨውም፣ ምንም ቅመም የሌለው ይሁን። ከገበያ ማር ገዝተው ግን አይስጡ፤ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የቀፎውን መግቢያ ያጥብቡ። ከፍሬም ቀፎው ባዶዎቹን ፍሬሞች ያውጡ፤ ጥቂት ንብ ሰፊ ቤት ማሞቅ አይችልም። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው ዙሪያውን ሣሩን አጭደው አመድ ይነስንሱ፣ ቀፎው የተቀመጠበትን መደብ እግሮችም የተቃጠለ ዘይት ይቀቡ። ከፍተው ማየት ካለብዎ ፀሐይ ወጣ ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ቶሎ ይጨርሱ።

የሰኔው ማር የክረምት ስንቃቸው ነበር። ብዙ አናቢ ይቆርጠዋል፣ እኔ ግን አልስማማበትም። የኅዳሩን ሲቆርጡም የተወሰነ የማር እንጀራ ይተዉላቸው። ማሳዎ ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም ማጥፊያ የሚረጩ ከሆነም ድንበሩን ሳይረጩ ይለፉት። አረም የሚሉት መጭ ለንቦችዎ ዋና ቀለብ ነው።

መመገቡን አደይ ስለታየ ብቻ አያቁሙ። ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ተሸክመው በብዛት ሲገቡና ቀፎው እየከበደ ሲሄድ ያኔ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ስኳር ለሽያጭ ከሚቆርጡት ማር ጋር ይቀላቀላል።