አንጋፋውን ድምፃዊ ልታዩ ስትሄዱ

ልጆች፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሚክሰር (ከድምፅ ማመዛዘኛው) ጀርባ ነው። የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን አንዱ ወጣት ስለ አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ኮንሰርት “ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ፤ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?” ብሎ ጠየቀኝ። ሂድ አልኩት። ግን በስልክህ የለመድከውን ዘፈን ፍለጋ እንዳትሄድ።

ግጥምና ዜማውን ራሱ የሚሠራ ሰው በወጣትነቱ የጻፈው ዘፈን ያኔ በነበረው ድምፅ የተለካ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የድምፅ አውታሮች ይደክማሉ፤ ትንፋሽም ያጥራል። ስለዚህ ኪዩን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዘፈንበትን የድምፅ ከፍታ፣ ዝቅ ያደርጋል። ጊታሩን ግማሽ ቶን አውርዶ ይቃኛል። በአንድ ትንፋሽ ይወጣው የነበረውን ስንኝ ለሁለት ይከፍለዋል። እዚያች መሃል ላይ ጆሯችሁን ጣሉ። ለዓመታት ሳታስተውሉ ያለፋችሁት ቃል ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ይሄን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁና ልደብቅላቸው ብዬ ኤኮ ጨመርኩ። ከዝግጅቱ በኋላ ጠሩኝ። አልተቆጡም። “ቃሌን ሸፈንክብኝ” ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ካናዳዊቷን ድምፃዊትና የዘፈን ደራሲ ጆኒ ሚቸልን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንጎሏ ላይ ከባድ ሕመም ደርሶባት መራመድን እንኳ እንደ አዲስ መማር ነበረባት። በ2022 አሜሪካ ውስጥ በኒውፖርት ፎልክ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ተቀምጣ ዘፈነች። 78 ዓመቷ ነበር። ያ የወጣትነቷ ቀጭን ድምፅ የለም፤ ወፍሯል። ስለ ሕይወት ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ የጻፈችው ግጥም ግን ሕይወትን ኖሮ ካየ ሰው አንደበት ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው። ለእኔ ቀረጻው ይህን አይተካውም።

ከቻላችሁ ሚክሰሩ አጠገብ ተቀመጡ። ባለሙያው ድምፁን የሚያመዛዝነው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ነው። ስፒከር ሥር አትቁሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ የኮንሰርት ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ስፒከሩ ሥር ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። የጆሮ መሰኪያ ያዙ፣ አትፈሩ። የእኔ ቀኝ ጆሮ ሌሊት ሌሊት ይጮሃል፤ የእናንተ እንዲጮህ አልፈልግም። ስልካችሁንም ለአንድ ዘፈን አውጡት፣ ከዚያ ኪሳችሁ ይግባ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድምፃዊው አዲስ ዘፈን ሲጀምር ሰው ብድግ ብድግ ይላል። ውሃ ለመግዛት፣ ሽንት ቤት ለመሄድ። ከሚክሰሩ ሆኜ ወንበሮቹ ሲራገፉ አያለሁ፤ መድረክ ላይ ያለውም ያያል። እኮ ያ ሰው በዚህ ዕድሜው ዛሬም እየጻፈ ነው! “ይሄን ገና አላወጣሁትም” ሲል ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉ።