መልስ፦ 4294967297 ብቸኛ ቁጥር ነው?

ሰላም ጠያቂያችን። 4294967297ን ለ3፣ ለ7 እና ለ11 ሞክረህ እምቢ ስላለህ “ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ የማይካፈል) ይሆን?” ብለሃል። አይደለም፤ 641 × 6700417 ነው። ግን መጠርጠርህ አይገርምም፤ ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ፌርማም ተሳስቶበታል።

ቁጥሩ 2³² + 1 ነው። በዚሁ ቤተሰብ (2 ላይ የሚወጣው ቁጥር 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ በእጥፍ የሚያድግበት፣ ከዚያም 1 የሚደመርበት) ከሱ በፊት የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ፌርማ ቀጣዮቹም እንደዚያው ናቸው ብሎ አመነ። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ግምቱን አፈረሰው።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ ለ3፣ ለ7 እያሉ መልፋት አያስፈልግም። መሞከር ያለባቸው በተራ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። አምስተኛው ላይ ተገኘ ማለት ነው!

ያለ ካልኩሌተር ማረጋገጥም ይቻላል። 641 = 5⁴ + 2⁴ ነው። ሁለቱንም ወገን በ2²⁸ አባዛ። 5⁴ × 2²⁸ ማለት 640⁴ ስለሆነ፣ 2³² = 641 × 2²⁸ − 640⁴ ይሆናል። 1 ስትደምርበት ቁጥራችን 641 × 2²⁸ − (640⁴ − 1) ሆነ። 640⁴ − 1 = (640² + 1)(640 − 1)(640 + 1) ስለሆነ ደግሞ ለ640 + 1 ይካፈላል፣ ማለትም ለ641። ስለዚህ ቁጥራችንም ለ641 ይካፈላል። እኔ ይህችን ማረጋገጫ በጣም ነው የምወዳት፤ ወረቀት ይዘህ ራስህ ሞክራት።