መልስ፦ ኤንቪዲያ ድራይቨር ተጭኖም ሁለተኛው ሞኒተር አልበራ ሲል

ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም) ላይ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ጭነህ ሁለተኛው ሞኒተር አልበራ እንዳለህ ጠይቀሃል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ በትክክል ተጭኗል፤ እንዳይሠራ የከለከለው ሴኪዩር ቡት ነው፤ ይህም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፊርማው ያልጸደቀ ሶፍትዌር እንዳይሠራ የሚያግድ ጥበቃ ነው። ሪስታርት ስታደርግ ብቅ ብሎ «ምንነቱን ሳላውቅ አለፍኩት» ያልከው ሰማያዊ ገጽ የድራይቨሩን ፊርማ እንድታጸድቅ የሚጠይቅ ነበር። 10 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል፤ ምንም ካልነካህ ዝም ብሎ ወደ ኡቡንቱ ይገባል።

ገጹን መልሰህ ለማምጣት፦

1. ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተህ «ሱዶ አፕዴት-ሴኪዩርቡት-ፖሊሲ» ብለህ፣ ክፍት ቦታ ትተህ፣ ሁለት ሰረዝ አስከትለህ «ኤንሮል-ኪ» ጨምር። በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፣ ሁሉም በትንንሹ።
2. ከ8 እስከ 16 ፊደል የሆነ ጊዜያዊ ፓስወርድ ይጠይቅሃል። ቁጥር ብቻ ብታደርገው ይሻላል፤ ሰማያዊው ገጽ የአሜሪካን ኪቦርድ አቀማመጥ ስለሚጠቀም ልዩ ምልክቶች ቦታቸውን ሊቀይሩብህ ይችላሉ።
3. ሪስታርት አድርግና ገጹ ሲመጣ ወዲያው ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን። በተራ «ኤንሮል ሞክ» (ፊርማውን መዝግብ ማለት ነው)፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» ምረጥ፣ ከዚያ ፓስወርዱን ጻፍ፣ በመጨረሻ «ሪቡት»።

ስትገባ ተርሚናል ላይ «ኤንቪዲያ-ኤስኤምአይ» ጻፍ። የካርዱ ስምና ሜሞሪው በሰንጠረዥ ከወጣ አልቋል፣ ሞኒተሩም ይበራል።

ብዙ ሰው «ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈት የቅንብር ገጽ) ገብተህ ሴኪዩር ቡትን አጥፋው» ይልሃል። ይሠራል፣ ግን ዊንዶውስም እዚያው ኮምፒውተር ላይ አለኝ ብለሃል። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ ዊንዶውስ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሃል፤ ከሌለህ ፋይሎችህ ተቆልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳትገለብጥ ባዮሱን አትንካ።